የሚሸጥ ዕቃ መግለጫ አጻጻፍ፦ ከአዲስ አበባ ዳርቻ ሆነው በኢንተርኔት ለሚሸጡ

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቦሌ አራብሳ ወይም ከየካ አባዶ ሆኖ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ፒያሳ ካለ ሻጭ ጋር እኩል ዕድል የለውም። የፒያሳውን ዕቃ ገዢው በምሳ ሰዓቱ ብቅ ብሎ አይቶት ይመለሳል። የእኛን ሰፈር ዕቃ ለማየት ግን ወረፋ ይቆማል፣ ታክሲ ይቀያይራል፣ ግማሽ ቀኑን ይከፍላል። ደርሶ ያየው ነገር ካነበበው ጋር ካልተገናኘ ሁለታችንም ከሰርን። ስለዚህ ከዳር የሚጻፍ መግለጫ ዋና ሥራው ማሻሻጥ ሳይሆን ገዢው ገና ከቤቱ ሳይወጣ “ይሆነኛል” ወይም “አይሆነኝም” ብሎ እንዲቆርጥ ማስቻል ነው። “አይሆነኝም” ያለው ሰውም ጠቅሞናል፤ ስልካችንን በከንቱ አላስጮኸም።

በሰፈራችን የቴሌግራም የገበያ ቻናል ላይ ጎረቤቶች የሚልኩልኝን ማስታወቂያ አስተካክዬ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በየዕለቱ የምሠራበት ነው።

1. ከመጻፍ በፊት ለኩ፣ ሰክታችሁ ሞክሩ

መግለጫ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በአጻጻፍ ችግር ሳይሆን ጻፊው ስለ ዕቃው በቂ መረጃ ሳይዝ ስለሚጀምር ነው። ቁጥር ሲጠፋ “ትልቅ”፣ “ሰፊ”፣ “ጠንካራ” የሚሉ ቃላት ቦታውን ይይዛሉ። እነዚህ ቃላት ደግሞ ለገዢው ምንም አይነግሩትም።

ሜትር ያዙ። ለቤት ዕቃ ቁመት፣ ስፋትና ጥልቀት ያስፈልጋል። ለአልጋ የፍራሹ ልክ ይበቃል፤ ለሶፋ ደግሞ ስንት ሰው እንደሚያስቀምጥና የረጅሙ ጎን ርዝመት። ለማቀዝቀዣ በውስጡ ወይም በጀርባው ከተለጠፈው ወረቀት ሊትሩንና የሞዴሉን ቁጥር ገልብጡ። ቴሌቪዥን በኢንች ሲጠራ የሚለካው ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን፣ መስታወቱ ብቻ ነው፤ አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ባለ 43 ኢንቹ ማዕዘን ለማዕዘን 109 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣዋል። ካርቶኑ ከጠፋባችሁ በዚህ መንገድ ራሳችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሁሉ ሰክታችሁ ሞክሩ። ምጣድ ከሆነ አንድ ጊዜ ጋግሩበት፤ ዳርና ዳሩ እኩል መብሰሉን ያወቀ ሻጭ “በደንብ ይሠራል” ከሚለው ይልቅ “ዳሩ ድረስ እኩል ያበስላል” ብሎ መጻፍ ይችላል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ከሁለቱ የትኛውን እንደምታምን ግልጽ ነው።

2. ርዕሱን በአንድ መስመር ጨርሱ

የርዕሱ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዕቃው ምንድን ነው፣ ከሌሎች የሚለየው ልክ ወይም ዓይነት፣ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ፣ ዋጋው። በቴሌግራም የውይይት ዝርዝር ላይም ሆነ በስልክ ማሳወቂያ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ነው። ያ መስመር “ምርጥ ዕቃ በአስገራሚ ዋጋ” ከሆነ ቁም ሳጥን የሚፈልገው ሰው ቁም ሳጥን መኖሩን ሳያውቅ ያልፈዋል።

“ባለ 3 በር ቁም ሳጥን፣ ያገለገለ፣ 21,000 ብር” ሙሉ ርዕስ ነው። ምንም አይጨመርበት።

3. ዋጋውን ጻፉ

በዚህ ነገር ላይ አልደራደርም። “ዋጋ በውስጥ መስመር” የሚል ማስታወቂያ ወደ እኔ ሲመጣ ለባለቤቱ መልሼ እልከዋለሁ። ሻጩ ዋጋውን የሚደብቀው ጠያቂው ከቀረበው በኋላ እንደሚያሳምነው አስቦ ነው፤ ወይም ጎረቤት እንዳያውቅበት። ገዢው ግን ዋጋ ያልተጻፈበትን ዕቃ ውድ አድርጎ ይገምተዋል፤ ወይም እንደ ጠያቂው ማንነት ዋጋ የሚቀያየር ይመስለዋል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ደግሞ ኪሱን ሳያውቅ መንገድ አይጀምርም።

ቁጥሩን በነጠላ ሰረዝ ለያይታችሁ “21,000 ብር” ብላችሁ ጻፉ። “21ሺ” ወይም ዜሮዎቹ ተያይዘው “21000” ሲሆን ዓይን ይሳሳታል፤ በተለይ ከመቶ ሺህ በላይ ሲሄድ። ከዋጋው ቀጥሎ ከሁለቱ አንዱ ይግባ፦ “ቁርጥ ዋጋ” ወይም “ለድርድር ክፍት”። ሱቅ ያላችሁና ተጨማሪ እሴት ታክስ የምትሰበስቡ ከሆናችሁ 15 በመቶው በተጻፈው ዋጋ ውስጥ መካተት አለመካተቱን ግለጹ፤ በ21,000 ብር ላይ 3,150 ብር ሲጨመርበት ገዢው እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

4. ዝርዝሩን ገዢው በሚጠይቀው ቅደም ተከተል አስቀምጡ

ስልክ የሚደውል ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አስታውሱ። መጀመሪያ ስለ ልኩ፣ ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንዳገለገለ፣ ከዚያ ስለ ጉድለቱ፣ በመጨረሻ ስለ ቦታው። መግለጫውም በዚሁ ይሂድ። እያንዳንዱ ጉዳይ በራሱ መስመር፤ በሁለት ክፍሎች መካከል አንድ ባዶ መስመር።

ከሚደርሱኝ ማስታወቂያዎች ብዙዎቹ ይህን ይመስላሉ፦

“በጣም ምርጥ ቁም ሳጥን አዲስ የመሰለ ፡፡ ሰፊና ጠንካራ ለሙሽሮች የሚሆን ባለቤቱ ቤት ስለሚቀይር በአስቸኳይ የሚሸጥ ፡፡ ቦታ ኮዬ ፡፡ ዋጋ በውስጥ መስመር!!! ይፍጠኑ!!!”

ባለቤቱን ጠይቄ፣ በሜትር አስለክቼ ስጽፈው እንዲህ ይሆናል፦

ባለ 3 በር ቁም ሳጥን፣ ያገለገለ፣ 21,000 ብር (ለድርድር ክፍት)

ቁመት 2 ሜትር፣ ስፋት 1 ሜትር ከ50፣ ጥልቀት 55 ሳንቲ ሜትር
የተሠራበት፦ ኤምዲኤፍ፣ ቡናማ
ሁለት መሳቢያ፤ መካከለኛው በር ላይ ሙሉ መስታወት
አዲስ የተገዛው በ2015 ዓ.ም.

እንከን፦ የግራው በር ከታች በኩል በውኃ አብጧል (4ኛውን ፎቶ ይመልከቱ)። ቢሆንም ይከፈታል፣ ይዘጋል። የአንዱ መሳቢያ እጀታ የለም።

ቦታ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ 3ኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም
ተፈታትቶ ይወርዳል። መጫኛና ማጓጓዣ የገዢው ነው።
ለማየት፦ በሥራ ቀናት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፤ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ቀን

በሁለተኛው ውስጥ አንድም የሙገሳ ቃል የለም። “ለሙሽሮች የሚሆን” የሚለውን ያወጣሁት ማን እንደሚገዛው መወሰን የእኛ ድርሻ ስላልሆነ ነው፤ ልጆቿን ለማስተማር ቤት የተከራየች እናትም ትፈልገው ይሆናል። “በአስቸኳይ የሚሸጥ” የሚለውም ወጥቷል፤ እርሱ ለገዢው የሚያስተላልፈው “ዋጋውን ስበር” የሚል መልእክት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውን ዓይነት የሚልኩ ሰዎች ለማታለል ብለው አይደለም። በየግድግዳው የተለጠፈ ማስታወቂያ እንደዚያ ተጽፎ ስላዩ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አላፊ አግዳሚውን ለማስቆም መጮህ ይኖርበት ይሆናል፤ በስልኩ ፈልጎ ወደ እናንተ የመጣ ሰው ግን ቆሞላችኋል። ለቆመ ሰው አይጮኽም።

5. እንከኑን ከፎቶው ጋር አያይዙ

እንከን የሚለው ክፍል ለብቻው ይቁም፤ በሌላ ዝርዝር መካከል አይሸጎጥ። አጻጻፉ ሦስት ነገር ይይዛል፦ ጉድለቱ የት ነው፣ ምን ያህል ነው፣ አገልግሎቱን ያጓድለዋል ወይስ አያጓድለውም። “ትንሽ ጭረት አለው” አይበቃም። “የመስታወቱ ቀኝ ጥግ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጭረት አለ፤ ሲበራ አይታይም” ይበቃል። እንከን ከሌለው “እንከን፦ የለም” ብላችሁ ጻፉ፤ ዝም ካላችሁ ገዢው የደበቃችሁት ይመስለዋል።

ጉድለቱን የጻፈ ሻጭ ዋጋው የሚወድቅበት ይመስለዋል። በዚህ አካባቢ የማየው ተቃራኒውን ነው። አብጦ የሚታየውን በር ቀድሞ በፎቶ ያየ ሰው ሲመጣ በሌላው ነገር ላይ ጥርጣሬ አይዝም፤ ደረጃውን ወጥቶ፣ መሳቢያውን ስቦ፣ ዋጋውን ተነጋግሮ ይወስዳል። ሳያውቅ የመጣው ግን በሩን ሲያይ የተጻፈውን ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

ሕጉም ከዚህ ጋር የራሱ ነገር አለው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱን እንዳያጣ ይደነግጋል። በስልካችሁ የጻፋችሁት መግለጫ ክርክር ቢነሳ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ የሚችል ጽሑፍ ነው ማለት ነው። በንግድ ሥራ ለተሰማራችሁ ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

6. ዓመቱንና ሰዓቱን ግልጽ አድርጉ

“2015” ብቻውን ሲጻፍ ሁለት ነገር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሆነ እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 መስከረም እስከ 2023 መስከረም ያለው ጊዜ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ከዚያ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚያረጅ ዕቃ ነው። የመኪናና የኤሌክትሮኒክስ የሥሪት ዓመት ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ፣ የግዢው ቀን ደግሞ በእኛ ስለሚነገር ሁለቱ በአንድ መግለጫ ውስጥ ይደባለቃሉ። ለአንደኛው “ዓ.ም.”፣ ለሌላው “እ.ኤ.አ.” ጨምሩበት። ሰዓትም “ጠዋት” ወይም “ማታ” የሚል ካልታከለበት “ከ3 ሰዓት ጀምሮ” ስልኩን በፈረንጆች ሰዓት ለሚያነብ ሰው ሌላ ትርጉም ይኖረዋል።

7. ቦታውንና መንገዱን ጻፉ

ከዳር የሚሸጥ ሰው መግለጫ መሐል ከተማ ካለው ሰው መግለጫ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉ።

“ኮዬ” ወይም “አያት አካባቢ” ብሎ መተው ገዢውን ማንገላታት ነው። አያት ሲባል ከቀላል ባቡሩ መጨረሻ አጠገብ ያለውም፣ ከዚያ በሌላ ታክሲ የሚደረስበትም አለ። የኮንዶሚኒየሙን ስም፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ቅርብ ምልክት፣ ከየትኛው የታክሲ መነሻ እንደሚመጣ ጻፉ። ቱሉ ዲምቱ ከሆናችሁ የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ እዚያው ስለሆነ ከአዳማና ከቢሾፍቱ የሚመጣ ገዢም ልታገኙ ትችላላችሁ፤ “ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ በእግር ይደረሳል” ወይም “ባጃጅ ያስፈልጋል” የሚል አንድ መስመር ለእርሱ ትልቅ ዜና ነው።

ፎቁን መጻፍ አትርሱ። ብዙዎቹ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከምድር በላይ አራት ፎቅ ሆነው አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። ከአራተኛ ፎቅ ማቀዝቀዣ ለማውረድ ጫኝና አውራጅ የሚጠይቀው ክፍያ ከዋጋው ጋር ተደምሮ መታሰብ ያለበት ነው፤ ገዢው ይህን ደረጃው ሥር ቆሞ ካወቀው ከዋጋችሁ ላይ ነው የሚያወራርደው። ዕቃው ተፈታትቶ ይወርዳል? በበሩ ይወጣል? ባጃጅ ይበቃዋል ወይስ ፒክአፕ ያስፈልገዋል? እስከ አስፋልቱ እናንተ ታደርሳላችሁ? እነዚህን በሁለት መስመር መልሱ።

የቤት ቁጥርና የብሎክ ቁጥር ግን በአደባባይ አይለጠፍም። ውድ ዕቃ ያለበትን በር፣ ሰው የሚገኝበትንና የማይገኝበትን ሰዓት ጭምር ለማያውቁት ሰው ሁሉ መንገር አያስፈልግም። ብሎኩን ገዢው ደውሎ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ላኩለት። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የምትልኩ ከሆነ አጭር አድርጉት፤ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ ከዚያ ሲያልፍ እንደ ሌላ መልእክት ይቆጠራል።

8. ፊደሉን አጽዱ

አራት ነጥብ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የራሱ ቁልፍ አለው፦ ። ብዙ ሰው ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ እየነካ ፡፡ ይጽፋል። ሲያዩት አንድ ይመስላል፤ ለስልኩ ግን አንድ አራት ነጥብ ሳይሆን ሁለት ለየብቻ የቆሙ ምልክቶች ናቸው። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍተት አይገባም፤ በኋላ ነው የሚገባው። ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት ፦፣ በተዘረዘሩት መካከል ፣ ይግባ።

ጽሑፉን በኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ካስጻፋችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ጽሑፉ በዩኒኮድ (ስልክም ኮምፒውተርም በሚያነበው የጋራ የፊደል አሠራር) ነው? በድሮው የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነገር ወረቀት ላይ ሲታተም ያምራል፤ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ግን የማይነበብ የምልክቶች ክምር ይሆናል።

ቃል ማድመቅን በተመለከተ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሕግ አለው። በቴሌግራም በቃሉ ፊትና ኋላ ሁለት ሁለት ኮከብ (**) ይደረጋል፤ በዋትስአፕ አንድ አንድ ኮከብ (*) ይበቃል። በፌስቡክ የገበያ ገጽ መግለጫ ውስጥ ግን ኮከቦቹ እንዳሉ ይታያሉ፤ ከቴሌግራም ገልብጣችሁ ስትለጥፉ አውጧቸው። የማደምቀው ርዕሱንና “እንከን” የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ሁሉም ከደመቀ የደመቀ የለም። የእሳት፣ የመብረቅና የቀይ ቀስት ምልክቶችን ሙሉ በሙሉ አወጣለሁ፤ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቻችን ጽሑፉን ከምልክቱ መለየት ይቸገራሉ።

ፍለጋም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲነበቡ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ “የፀጉር ማድረቂያ” ብላችሁ ከጻፋችሁ “የጸጉር ማድረቂያ” ብሎ የፈለገ ሰው ላያገኛችሁ ይችላል። ርዕሱ ላይ አንዱን አጻጻፍ ተጠቀሙ፣ ሌላውን መጨረሻ ላይ በመፈለጊያ ምልክት አስገቡት። ሰዎች በተለያየ ስም የሚጠሩትንም እንዲሁ፦ #ፍሪጅ #ማቀዝቀዣ። በዚህ ምልክት ውስጥ ክፍተት ስለማይሠራ #ቁም_ሳጥን ተብሎ በታች ሰረዝ (_) ይያያዛል። የፋብሪካው ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም ይጻፍ፤ ስልክ ፈላጊ ወጣቶች የሚጽፉት በሁለተኛው ነው።

9. ከፎቶው ጋር አዋህዱ

ቴሌግራም እስከ 10 ፎቶ በአንድ ጥቅል ይለጥፋል፤ ከሥሩ የሚገባው ጽሑፍ በተለመደው አገልግሎት 1,024 ፊደል ነው። ከላይ ያለው የቁም ሳጥን መግለጫ በሰፊው ይገባል። መግለጫውን በአንዱ ፎቶ ላይ ብቻ ጻፉ፤ በየፎቶው ከበታተናችሁት ከጥቅሉ ሥር አይታይም። የፎቶው ቅደም ተከተልም ከጽሑፉ ጋር ይሂድ፦ ሙሉው ዕቃ፣ ጎኑ፣ ውስጡ፣ እንከኑ። በጽሑፉ “4ኛውን ፎቶ ይመልከቱ” ካላችሁ አራተኛው በእርግጥ እንከኑ መሆኑን ከመለጠፋችሁ በፊት አረጋግጡ። ዋጋና ስልክ ፎቶው ላይ አትጻፉ፤ ዋጋው ሲቀየር ፎቶውን መቀየር ጽሑፉን እንደማስተካከል አይቀልም።

10. ለጥፉ፣ ከዚያም ተከታተሉ

ስልክ ቁጥሩ ከ09 ወይም ከ07 ጀምሮ ያለ ነጥብና ያለ ክፍተት ተያይዞ ይጻፍ፤ ያኔ ገዢው ነካ አድርጎ መደወል ይችላል። ከመለጠፋችሁ በፊት ዕቃውን ላላየው አንድ ሰው አስነብቡት፤ የሚጠይቃችሁ ጥያቄ ካለ መልሱ መግለጫው ውስጥ ይግባ። ከተለጠፈ በኋላም ሁለት ሰው ደውሎ አንድ ዓይነት ነገር ከጠየቀ ጽሑፉን ያኔውኑ አስተካክሉ።

ዋጋ ስትቀንሱ የድሮውን ሰርዛችሁ አዲሱን ከፊቱ አስቀምጡ። ሲሸጥ ደግሞ በዚያው ቀን የርዕሱ መጀመሪያ ላይ “ተሽጧል” የሚል ቃል ጨምሩ፣ ስልኩንም አውጡት። ማስታወቂያውን ራሱን ግን አታጥፉት፤ ተመሳሳይ ቁም ሳጥን ሊሸጥ ያሰበ ሌላ ጎረቤት ዋጋውንና አጻጻፉን ከዚያ ይወስዳል።